ከኪይፍሬሙ በኋላ ያለው ሥራ
(በሞሽን ዲዛይንና በዌብ አኒሜሽን በግል ሠርቶ ስለ መኖር፣ አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ለወጣት ዲዛይነሮች የቀረበ ንግግር። በቃል እንደተነገረ ነው የተጻፈው።)

እንደምን አመሻችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ! ከሥራ ወጥታችሁ፣ ሜክሲኮና መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከበሩ ጋ የቆማችሁ፣ በግራ በኩል ወንበር አለ፤ ግቡና ተቀመጡ፣ ነገሩ ረዘም ይላል።

በጥያቄ ልጀምር። ደንበኛ ለሞሽን ዲዛይነር የሚከፍለው ለምንድን ነው? «ለሚያምር እንቅስቃሴ» የምትሉ ብዙዎች ትሆናላችሁ። የሚያምር እንቅስቃሴማ ዛሬ ዩቲዩብ ከፍቶ ሁለት ወር የተቀመጠ ሁሉ ይሠራል። ደንበኛው የሚከፍለው በተባለው ቀን፣ በተባለው መጠን፣ በተመልካቹ ስልክ ላይ ሳይንቀራፈፍ ለሚከፈት ሥራ ነው። ለማስረከብ ነው የሚከፍለው። ደግሜ እላለሁ፤ ለማስረከብ ነው።

አራት ነገር ይዤ መጥቻለሁ፦ ጊዜ፣ ፋይል፣ ዋጋና ውል፣ ደንበኛ። እኩል አላካፍላቸውም። ፋይሉ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ጥሩ እጅ ያለው ሰው ሲወድቅ የማየው እዚያ ነውና።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

እስክስታ ሲመታ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ትከሻው ይቀድማል። አንገት ጥቂት ዘግይቶ ይከተላል። የነጠላው ጫፍ ደግሞ ትከሻው ከቆመ በኋላም ይወዛወዛል። ይህንን አፍተር ኢፌክትስ ወደሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር አምጡት። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ሥዕል፣ በምትሠሩት ሥራ ላይ ትከሻው በ0ኛው ፍሬም ቢነሳ፣ አንገቱን በ2ኛው ወይም በ3ኛው፣ ነጠላውን በ5ኛው ወይም በ6ኛው አስነሱት። ሦስቱንም በአንድ ፍሬም ካስነሳችኋቸው፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሰውየው ከካርቶን የተቆረጠ ይመስላል። አርማ ስታንቀሳቅሱም ሕጉ ይኸው ነው፤ ምልክቱ ይቅደም፣ ስሙ ይከተል፣ ከሥር ያለው መስመር መጨረሻ ይድረስ።

ኢዚንግ የምንለው የፍጥነት አጨማመርና አቀናነስስ? ከስታዲየም የሚነሳውን ባቡር አስቡ። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይፈጥናል፣ ወደ ጣቢያው ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ስክሪን ላይ ግን ከዚህ አንድ ልዩነት አለ። ወደ ስክሪን የሚገባ ነገር ፈጥኖ ጀምሮ እየቀዘቀዘ ይቁም፤ የሚወጣ ነገር ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ይጥፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተጠቃሚው ቁልፍ ነክቷል፣ መልስ ይፈልጋል። መልሱ በዝግታ ከጀመረ ስልኩ የተጨናነቀ ይመስለዋል።

ቁጥሩን ያዙ። የቁልፍ ምላሽ ከ100 እስከ 200 ሚሊሴኮንድ። ተከፍቶ የሚመጣ ምናሌ ከ200 እስከ 300። ሙሉ ገጽ ሲቀየር ከ400 እስከ 500። ከዚያ ካለፈ ሰውየው እያየ ሳይሆን እየጠበቀ ነው። የማስታወቂያ አኒሜሽን አንዴ ይታያል፤ ምናሌ ግን በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ይከፈታል። አንዴ ሲያዩት የሚያስደስት ነገር በአርባኛው ያንገሸግሻል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል፤ ከውጭ በተቀዳ ትምህርት ውስጥ አታገኙትምና። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ገበሬው የበሰለውን ቡና በእጁ ለቅሞ ቅርጫቱ ውስጥ ያጠራቅማል» ስንል፣ ማጠራቀሙ የሚሰማው ዓረፍተ ነገሩ ሊዘጋ ሲል ነው። በእንግሊዝኛ ግሱ ከገበሬው ቀጥሎ ይመጣል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ትረካ የተሠራ የ30 ሴኮንድ ሥራ ተሰጥቷችሁ «ድምፁን ብቻ ወደ አማርኛ ቀይሩልን» ብትባሉ ምን ይሆናል? ቡናው ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል፣ ተራኪው ገና «የበሰለውን» እያለ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ እንደ ድምፅ ቅየራ አትተምኑት። ኪይፍሬሞቹን፣ ማለትም እንቅስቃሴ የሚጀምርባቸውንና የሚያርፍባቸውን ነጥቦች፣ ሁሉ ማንቀሳቀስ አለባችሁ። አማርኛውን መጀመሪያ ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ግሱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ማርከር (ምልክት) ምቱ፣ እንቅስቃሴውም እዚያው ይረፍ።

ሁለተኛው ፋይል ነው። እዚህ ብዕር አውጡ።

ለዌብ የሚሠራ እንቅስቃሴ በሦስት መንገድ ይደርሳል፦ በቪዲዮ፣ በሎቲ (ሥዕሉን በቅርጽና በቁጥር የሚይዝ ቀላል የአኒሜሽን ፋይል)፣ ወይም በኮድ። የትኛውን መቼ?

ቪዲዮ፦ ፎቶ፣ ጭስ፣ ሦስት ዳይሜንሽን ያለው ሥራ ከሆነ። ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ የተጨመቀ ኤምፒ 4 ሁሉም ቦታ ይከፈታል፤ ነገር ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ጀርባ አይዝም። ስልክ ላይ በራሱ እንዲጀምር ከተፈለገ ድምፁ የተዘጋ መሆን አለበት፤ ኮዱ ላይ «ሚውትድ» እና «ፕሌይስኢንላይን» የሚሉት ሁለቱ ቃላት ካልገቡ አይፎን ላይ ወይ አይጀምርም ወይ ሙሉ ስክሪን ይይዛል። ጂአይኤፍን ተዉት፤ 256 ቀለም ብቻ ይዞ ከቪዲዮው ይከብዳል።

ሎቲ፦ አርማ፣ አይከን፣ ቀላል ሥዕል ከሆነ። ሎቲን ኤርቢኤንቢ በ2017 ነው ለሁሉም ክፍት ያደረገው፤ ከሥሩ ያለው ኸርናን ቶሪሲ የሠራው፣ አኒሜሽኑን ከአፍተር ኢፌክትስ የሚያወጣው ቦዲሙቪን የሚባለው መሣሪያ ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ነው። ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ መገጣጠሚያውን በሽቦ እያያያዘች፣ ከሥር በመብራት እያስበራች ፊልም ትሠራ ነበር፤ ያውም ከመቶ ዓመት በፊት። ለምን አነሳኋት? ሎቲ ውስጥ የሚሠራው እሷ የሠራችው ዓይነት ነገር ስለሆነ ነው፦ ጥርት ያለ ቅርጽ፣ መገጣጠሚያ፣ እንቅስቃሴ። ከዚያ ያለፈ ነገር ስትጭኑበት ይበላሻል።

ምን ምን ይበላሻል? አፍተር ኢፌክትስ ላይ ያማረው ግሎው (ፍካት) ወይም ሌላ ኢፌክት ሎቲ ላይ በአብዛኛው ይጠፋል። ቅርጾችን የሚያዋህደው መርጅ ፓዝስ አንዱ ማጫወቻ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ቅርጹ ይፈርሳል። ኢለስትሬተር ከሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ያመጣችሁትን ሌየር (ንብርብር) ወደ ሼፕ ሌየር፣ ማለትም ወደ ቅርጽ ንብርብር፣ ሳትቀይሩ ከላካችሁ ባዶ ቦታ ይመጣል። ፒኤንጂ ከጨመራችሁ ፋይሉ ያብጣል፤ ለአንድ አይከን ከ100 ኪሎባይት በታች መሆን ሲገባው ሜጋባይት ሲገባ ታያላችሁ። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ሳይሆን የመጀመሪያው አምስት ሴኮንድ ሲያልቅ ወደ ውጭ አውጡትና ስልክ ላይ እዩት። ችግሩ በአምስተኛው ሴኮንድ ቢታወቅ የግማሽ ቀን ጥገና ነው። በስልሳኛው ቢታወቅ የሳምንት ነው።

አሁን ደግሞ ፊደላችን። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው የግዕዝ ፎንት ተመልካቹ ስልክ ላይ የለም። ፎንቱ ካልተገኘ ወይ ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ወይ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ለሎቲ የሚሄድ ጽሑፍን «ክሪኤት ሼፕስ ፍሮም ቴክስት» በሚለው ወደ ቅርጽ ቀይሩ፤ የሚጻፈውን ዋናውን ሌየር ግን ደብቃችሁ አስቀምጡ፣ ደንበኛው ነገ ፊደል ተገድፏል ይላችኋል። ለዌብ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ በነፃ የሚገኝ ፎንት ከገጹ ጋር ጫኑ፤ ስትጭኑት የማይፈለጉትን ፊደላት ቀንሱ፤ የፊደል ገበታችን ሰፊ ስለሆነ ፎንቱ ከላቲኑ ይከብዳል።

ደስ የሚለው ነገር ግን የግዕዝ ፊደል ለአኒሜሽን የተመቸ መሆኑ ነው። እንደ ዓረብኛ አይያያዝም፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ፣ በኮምፒውተር የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ፊደል በፊደል የሚያስገባው የአፍተር ኢፌክትስ አኒሜተርም ሆነ ጂሳፕ በሚባለው የዌብ አኒሜሽን ኮድ ስብስብ ውስጥ ያለው ስፕሊት ቴክስት ያለ ችግር ይሠራበታል። ጂሳፕ ደግሞ በ2025 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ ድሮ የሚከፈልባቸውን ተጨማሪዎች ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ጽሑፉን ከማስክ (ከፊሉን ከሚሸፍን መስኮት) ሥር የምታወጡት ከሆነ ቦታ ጨምሩለት። ቋንና ኋን የመሳሰሉት ከእግራቸው ሥር ሰረዝ አላቸው፤ ለላቲን የተለካ ማስክ ሰረዙን ይቆርጠውና ቋ ቀ ሆኖ ይነበባል።

እስቲ አንድ ፊደል ቀረብ ብለን እንይ። «ሉ»ን ተመልከቱ። ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አንዲት ሰረዝ ወጥታለች። ያቺ ሰረዝ በእግሩ ላይ ወደ ታች ስትንሸራተት «ሊ» ትሆናለች። እዚያው እግሩ ሥር ተጠምዝዛ ቀለበት ስትሆን «ሌ» ትሆናለች። አካሉ አልተነካም፤ የተንቀሳቀሰችው ሰረዟ ብቻ ነች። አካሉን በአንድ ሌየር፣ ሰረዟን በሌላ አድርጉ፤ ከ«ሉ» ወደ «ሊ» 8 ፍሬም፣ ከ«ሊ» ወደ «ሌ» 10 ፍሬም ስጡ፣ ስትደርስ ትንሽ አልፋ ትመለስ። ይህን ሠርቶ ማሳያው ላይ ያስቀመጠን ልጅ፣ ሦስት መቶ ሰው ለልምምድ ከሠራው የሚዘል ኳስ በላይ ያስታውሱታል። ፊደሉ የእናንተ ነው፤ ከእናንተ በተሻለ ማን ያንቀሳቅሰው?

ሦስተኛው መንገድ ኮድ ነው። ብዙ ስልክ ስክሪኑን በሴኮንድ 60 ጊዜ ይስላል፤ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ነው። ያ ካለፈ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ የዌብ ገጽን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ በሲኤስኤስ፣ ስታንቀሳቅሱ ሁለት ነገር ብቻ አንቀሳቅሱ፦ ትራንስፎርምና ኦፓሲቲ። ቦታና መጠን በትራንስፎርም፣ መታየትና መጥፋት በኦፓሲቲ። ስፋትን፣ ቁመትን፣ «ቶፕ»ንና «ሌፍት»ን (ከላይና ከግራ ያለውን ርቀት) አታንቀሳቅሱ። እነዚህ ሲነኩ ብሮውዘሩ በየፍሬሙ የገጹን አቀማመጥ እንደገና ይለካል፤ እናንተ አንድ ሳጥን አንቀሳቀሳችሁ፣ እሱ ሙሉ ገጹን ያሰላል። የእናንተ ላፕቶፕ ይችለዋል። መርካቶ በርካሽ የተገዛ ስልክ አይችለውም፤ የደንበኛችሁ ደንበኛ የያዘው ደግሞ ያንን ነው። ክሮም ላይ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብታችሁ ፕሮሰሰሩን አራት እጥፍ አዝግሙት፣ ኔትወርኩንም ዝቅ አድርጉና እዩት። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ርካሽ አንድሮይድ ግዙ። የሥራ ዕቃ ነው፣ እንደ ማውስ ቁጠሩት።

አደራ የምላችሁ ነገርም አለ። እንቅስቃሴ የሚያዞራቸው፣ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች አሉ። ስልካቸው ላይ እንቅስቃሴ ይቀነስ ብለው ይመርጣሉ፤ «ፕሪፈርስ ሪዲውስድ ሞሽን» የሚለው ትእዛዝ ያንን ምርጫ ያነብላችኋል። ያኔ መንሸራተቱን አጥፉ፣ ደብዘዝ ብሎ መግባቱን ብቻ ተዉ። በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አትሥሩ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥል ይችላል። በራሱ ጀምሮ ከ5 ሴኮንድ በላይ ለሚቆይ እንቅስቃሴም ማቆሚያ ቁልፍ ስጡት። ደንበኛው ባይጠይቃችሁም አድርጉት።

መብራትስ? መብራት ይሄዳል። የ10 ሴኮንድ ሥራ በ25 ፍሬም 250 ሥዕል ነው። በቀጥታ ወደ አንድ ቪዲዮ እያወጣችሁ 180ኛው ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ አይከፈትም፤ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በፒኤንጂ ተከታታይ ሥዕል ካወጣችሁት ግን 179ኙ እጃችሁ ላይ ናቸው፤ ሲቋረጥ እየተጻፈ የነበረው የመጨረሻው ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ሰርዙትና ከ180 ቀጥሉ። ከዚያ ሥዕሎቹን ወደ ቪዲዮ ማያያዝ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለአስተያየት የምትልኩት ቅጂም ቀላል ይሁን፤ በ720ፒ፣ በ2.5 ሜጋቢት የተጨመቀ 30 ሴኮንድ ወደ 9.4 ሜጋባይት ነው፣ በቴሌግራም ያልፋል። ቴሌግራም ቪዲዮን መልሶ ስለሚጨምቅ እንደ ፋይል ላኩት፤ ያለዚያ ደንበኛው «ቀለሙ ደበዘዘ» ይላችኋል።

ሦስተኛው ዋጋና ውል።

ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ። የቤት ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ የሶፍትዌር ክፍያ፣ ቁጠባ፣ ግብር ተደምሮ በወር 60,000 ብር ያስፈልገኛል እንበል። ወሩ 22 የሥራ ቀን አለው ብላችሁ ለ22 ካካፈላችሁ ተሳስታችኋል። ስብሰባ፣ ዋጋ ማቅረብ፣ ክፍያ መከታተል፣ መማር ቀኑን ይበሉታል። የሚከፈልባችሁ 12 ቀን ቢሆን ነው። 60,000 ለ12 ሲካፈል የቀን ዋጋችሁ 5,000 ብር ነው። 6 ቀን የሚፈጅ ሥራ 30,000፣ ለማይታወቀው 20 በመቶ ሲጨመር 36,000። «ለስንት ትሠራዋለህ?» ሲሏችሁ ከአፋችሁ ሳይሆን ከዚህ ስሌት መልሱ።

ክፍያውን ከፋፍሉት፦ ግማሹ ሲጀመር፣ 30 በመቶው የሥዕሉ መልክ ሲጸድቅ፣ የቀረው የመጨረሻው ፋይል ከመላኩ በፊት። እርማት ሁለት ዙር ብላችሁ ጻፉ፤ በየትኛው ደረጃ እንደሆነም ጻፉ። ጽሑፍ ላይ አንድ ቃል መቀየር ደቂቃ ነው። ስቶሪቦርድ (የትዕይንቶቹ ንድፍ) ላይ ሰዓት ነው። ተንቀሳቅሶ ካለቀ በኋላ ቀን ነው። «ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ የጽሑፍ ለውጥ እንደ አዲስ ሥራ ይታሰባል» የምትል አንዲት መስመር ስንት ወዳጅነት አድናለች! የአፍተር ኢፌክትስ ዋናው ፋይል ይሰጥ ወይስ አይሰጥ፣ ከተሰጠ በስንት? ይህም ይጻፍ። የሙዚቃውንና የፎንቱን ፈቃድ በደንበኛው ስም አስገዙ።

ከውጭ ደንበኛ ጋር ከሆነ ሦስት ወጥመድ አለ። አንዱ ቀን ነው። «ጁን 30» ማለት ሰኔ 23 ነው፤ ሰኔ 30 ብሎ የቆጠረ ሰው ሳምንት ዘግይቷል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። የበርሊን ደንበኛ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ቢላችሁ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ወይም 11 ሰዓት ነው። ማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ፣ ያኔ 10 ይሆናል፤ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሳሉ፣ 11 ይሆናል። እኛ ሰዓታችንን አንነካም። ቀጠሮ ስትይዙ የሁለቱንም አገር ሰዓት ጽፋችሁ ላኩ። ሦስተኛው ስም ነው። የባንክ ደብተራችሁ የእናንተን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይዟል፤ ደንበኛው ሁለቱን ብቻ ጽፎ፣ ያውም ስፔሊንጉን ቀይሮ ከላከ ገንዘቡ ሊንጠለጠል ይችላል። ደረሰኛችሁ ላይ ስማችሁን ባንኩ እንደጻፈው ፊደል በፊደል አስቀምጡ፣ የባንኩን ስዊፍት ኮድም (ለዓለም አቀፍ ዝውውር የሚያገለግለውን የባንክ መለያ) ጨምሩ። መሐል ላይ ያለ ባንክ የሚቆርጠውን ማን ይሸከም? ይህንንም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ያለዚያ የላኩት 500፣ የደረሳችሁ ያነሰ ይሆናል። እንደ ፋይቨር ባሉ የኢንተርኔት የሥራ ገበያዎች ደግሞ 20 በመቶው ለእነሱ ነው፤ 100 ዶላር ብላችሁ ስትለጥፉ 80 መሆኑን አስባችሁ ለጥፉ።

አራተኛው ደንበኛ ነው፤ እዚህ አጠር አደርጋለሁ። የሥራ ማሳያ ቪዲዮ ከ45 እስከ 60 ሴኮንድ ይብቃው። ምርጡ መጀመሪያ ይግባ፤ ብዙ ሰው አሥር ሴኮንድ ሳይሞላው ይዘጋል። ከትምህርት ቪዲዮ ገልብጣችሁ የሠራችሁትን አታስገቡ፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው እነዚያን ቪዲዮዎች አይቷቸዋል። ከቪዲዮው ሥር አራት ወይም አምስት ሥራ ብቻ፣ ለእያንዳንዱም ችግሩ ምን ነበር፣ ፋይሉ ስንት ኪሎባይት ሆነ፣ በየትኛው ስልክ ተፈተነ የሚል ሦስት መስመር። የዌብ አኒሜሽን ከሆነ የተቀረጸ ቪዲዮ ብቻ አይበቃም፤ የሚከፈት አድራሻ ይኑረው፣ ሰውየው በጣቱ ይንካው።

«የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» የሚል ጥያቄ ቀድሞ በወረቀት ደርሶኛል። ፍላሽን ታስታውሳላችሁ? በዘመኑ ዌብ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ፍላሽ ነበር። አዶቢ በ2020 መጨረሻ፣ በእኛ ታኅሣሥ 2013፣ ድጋፉን አቆመ፤ በጥር ወር ፍላሽ ፕሌየር ጭራሽ እንዳይከፍት ተደረገ። ቁልፎቹን ብቻ የሚያውቅ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ጊዜ አጠባበቅ የሚያውቀው ወደ ኮድ፣ ወደ ሎቲ፣ ሪቭ ወደሚባለው የአኒሜሽን መሣሪያ ተሻገረ። ኮምፒውተራችሁ አፍተር ኢፌክትስን የማይሸከም ከሆነ፣ ወይም ክፍያው ከከበዳችሁ፣ ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ሲኤስኤስ ነፃ ነው። በሲኤስኤስ ለመጀመር የጽሑፍ መጻፊያና ብሮውዘር ይበቃል።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ሁላችሁም። ስክሪን መቅረጫውን አብሩና ቴሌግራም ላይ አንድ ፎቶ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ሦስት ጊዜ። ላፕቶፕ ያመጣችሁ ቅጂውን አስገቡና ፍሬም በፍሬም ቁጠሩ፤ ሲከፈት ስንት ፍሬም ፈጀ? ሲዘጋስ? የትኛው ፈጠነ? መሐል ላይ ፎቶው በአንድ ፍሬም ብዙ ርቀት የተጓዘው በስንተኛው ፍሬም ላይ ነው? ቡናው ደርሷል፣ 15 ደቂቃ አላችሁ። ስንመለስ ቁጥራችሁን እዚህ ሰሌዳ ላይ ትጽፋላችሁ፤ የሁለት ሰው ቁጥር ካልተስማማ ስልኮቹን አስጠግተን አብረን እናያለን።